ቀላል፣ ርካሽና ያልዛገች መኪና ፍለጋ

ባለፈው እትም ስለ ቤተሰብ መኪና ኢንሹራንስ ጽፌ ነበር። በመሃል ላይ «የቅዳሜዋን መኪናዬን ግን ውድድር ሜዳ ላይ ስነዳት ኢንሹራንሴ አያውቀኝም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አስገብቼ አለፍኩ። ስለ ኢንሹራንሱ የጠየቀኝ ሰው የለም። የደረሱኝ መልእክቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ቅዳሜዋ መኪና ናቸው። «አንቺ? ውድድር ሜዳ?» ያላችሁኝም አላችሁ። አልተቀየምኩም፤ እናቴም ያለችው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የዚህን ወር ዓምድ ለእሷ ሰጥቻታለሁ። ለእናቴ ሳይሆን ለመኪናዋ።

ነገሩ በደስታ የተጀመረ አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም፣ በኅዳር ወር፣ ልጄን ከመዋያ ወስጄ በኢንተርስቴት 66 ወደ ቤት እየተመለስኩ ነበር። ዝናቡ ያካፋል። ከአውራ ጎዳናው መውጫው ላይ መንገዱ ይጠመዘዛል፤ በየቀኑ የማልፍበት ቦታ ነው፣ ፍጥነቴም ከወትሮው አይበልጥም። መሪውን ሳዞር የመኪናው ኋላ ከእኔ ተለይቶ በራሱ መንገድ መሄድ ጀመረ። ደንግጬ ፍሬኑን ረገጥኩ። መኪናው አንድ ጊዜ ሙሉ ዞሮ ሳሩ ላይ ቆመ። ከኋላችን የሚመጣ አልነበረም። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው፤ «እማዬ፣ እንደገና!» አለኝ፤ ጨዋታ መስሎታል። እኔ እጄ ስለተንቀጠቀጠ ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን ለማጥፋት እንኳ ጊዜ ወሰደብኝ።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ለአሮጌው ሴዳናችን አራት ጎማ መግዛት ስለከበደኝ ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቼ ከፊት አስገጥሜ ነበር። ሞተሩ የሚያሽከረክረው የፊቱን ጎማ ስለሆነ አዲሱ ከፊት ይሁን ማለት ልክ ይመስላል። ልክ አይደለም። ሁለት ብቻ ከገዛችሁ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። የፊት ጎማ ውሃ ላይ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ነዳጁን ለቅቆ ቀስ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፤ ያን ለመመለስ ደግሞ የለመደ እጅ ያስፈልጋል። የእኔ እጅ አልለመደም ነበር። መንጃ ፈቃድ ከያዝኩ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኝ፣ መኪና ሲንሸራተት ምን እንደሚደረግ አንድም ቀን ተምሬ አላውቅም። አብዛኞቻችሁም እንደ እኔ ናችሁ ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህን የሚያስተምር ቦታ ስፈልግ ነው የውድድር ሜዳውን ያገኘሁት። ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነድታችሁ ዌስት ቨርጂኒያ ስትገቡ ሰሚት ፖይንት የሚባል ቦታ አለ። ዋናው ሜዳ ርዝመቱ 2 ማይል፣ መታጠፊያው 10 ነው። ወደ ደቡብ ለምትኖሩ ቶርንበርግ ቨርጂኒያ ላይ ዶሚኒየን አለ፤ ከዚያም ራቅ ብሎ ወደ ሰሜን ካሮላይና ድንበር 3.27 ማይል የሚረዝመው ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ይገኛል። የመኪና ክበቦች እነዚህን ሜዳዎች ለቅዳሜና እሑድ ተከራይተው የመንዳት ትምህርት ይሰጣሉ። ትምህርቱ ውድድር አይደለም። ሰዓት አይያዝም፣ ዋንጫ የለም። ጀማሪ ከጀማሪ ጋር ይነዳል፣ አጠገቡ አስተማሪ ይቀመጣል። መቅደም የሚቻለው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው፤ ያውም ከፊት ያለው ሰው እጁን አውጥቶ «እለፍ» ሲል። ጠዋት ስለ ባንዲራዎቹ ክፍል ውስጥ ትማራላችሁ፤ ቢጫው ከፊት አደጋ አለ ነው፣ ቀዩ ቁም ነው፣ ጥቁሩ ወደ መግቢያው ተመለስና አነጋግረን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሜዳው ይልቅ ዓርብ ማታ አውራ ጎዳናው ላይ ነው የበለጠ የምፈራው።

ባለቤቴ ስሰማው የቆየሁትን ተቃውሞ ሁሉ ከጨረሰ በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «ስሚ፣ ውድድር ከሆነ አልስማማም። ትምህርት ከሆነ ግን ዋጋውን ንገሪኝ።» ቢዝነስ ለተማረ ሰው ከዚህ የተሻለ ንግግር የለም። ቁጭ ብለን ተስማማን። ለመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ነገር 10,000 ዶላር፣ ከልጁ የትምህርት ቁጠባ አንድ ሳንቲም ላይነካ፣ መኪናዋም ብትሰበር ሰኞ ሥራ ከመግባት የማታግደኝ ሁለተኛ መኪና ልትሆን። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቤተሰቡን መኪና ይዞ ሄዶ ፍሬኑን አቃጥሎ በተጎታች የሚመለስ ሞልቷል። ቁመቱ ከፍ ያለ ቤተሰብ የሚጭን መኪና ከሆነ ደግሞ ሊገለበጥ ይችላል ብለው ብዙ ክበቦች ጭራሽ አያስገቡትም።

ከ10,000 ዶላሩ ለመኪናዋ መግዣ ስንት? እኔ መጀመሪያ 9,000 አልኩ። ምክንያቱም አንድ ምሽት ስልኬ ላይ ቀይ ፖርሽ ቦክስተር በ9,000 ዶላር አይቼ ልቤ ጠፍቶ ነበር። ፖርሽ! በ9,000! ዕቃ የምሸጥበት ሙያ ውስጥ ሆኜ እንኳ ማታ አልጋዬ ላይ ተኝቼ በሥዕሉ ተሸነፍኩ። ሦስት ቀን ከፈጀ ንባብ በኋላ ነው የነቃሁት። ከ1997 እስከ 2004 የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ቦክስተሮች ሞተር ውስጥ መሃለኛዋን ዘንግ የምትይዝ አንዲት ኩሽኔታ አለች። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ ግን ይህች ኩሽኔታ ከተሰበረች ሞተሩ በሙሉ ሊሄድ ይችላል፤ የሞተሩ ዋጋ ደግሞ የመኪናዋን ያህል ነው። የቀድሞው ባለቤት ኩሽኔታዋን ቀይሮ ደረሰኝ ካላሳያችሁ በስተቀር 9,000 ዶላር የመግቢያ ትኬት ናት እንጂ ዋጋ አይደለችም።

ከዚያ በኋላ ስሌቱን ገልብጬ ሠራሁት። ለአራት የትምህርት ቀን መመዝገቢያ፣ ለጎማ፣ ለፍሬን፣ ለራስ ቁር፣ ለዘይትና ለድንገተኛ ብልሽት የሚሆነውን መጀመሪያ አነሳሁ። የቀረው 6,000 ዶላር ሆነ። መግዣው እሱ ነው። በጀታችሁ የእኔ እጥፍም ይሁን ግማሹ፣ ከገንዘባችሁ ከአሥር እጅ አራቱን ሳትነኩ አስቀምጡ።

አሁን ወደ መኪናዎቹ ልግባ። ለጀማሪ የምትሆን መኪና ከሁሉ በፊት ቀላል መሆን አለባት፤ ለመንዳት ቀላል ማለቴ ሳይሆን በኪሎ። ምክንያቱ ፍሬንና ጎማ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ክብደት ሲጨመር ወጪው በየወሩ ከኪሳችሁ ይወጣል። 1,700 ኪሎ የሚመዝን ጡንቸኛ ሙስታንግ የሚያምር ድምፅ አለው፤ ጎማና የፍሬን ፓድ ሲበላ ግን እንደ በሬ ነው።

ሁለተኛው ጉልበት ነው፣ ማለትም ትንሽ ጉልበት። ይህን ለማሳመን የሚከብደኝ ወንድሞቼን ነው። 400 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ስህተታችሁን ይደብቃል፤ መታጠፊያውን አበላሽታችሁ ብትወጡም ነዳጁን ስትረግጡ ቀጥታው ላይ ያካክስላችኋል። 140 የፈረስ ጉልበት ያላት ግን አትዋሽም። መታጠፊያውን ካበላሻችሁ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ ድረስ እየተንፏቀቀች ታስታውሳችኋለች። አስተማሪዬ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ መኪናዬን ሲያይ መጀመሪያ ያለኝ «ጥሩ፣ ቀርፋፋ ናት» ነው።

ከዚህ በመነሳት ብዙ ሰው የሚያበቃው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ ነው፤ አሜሪካኖች ሚያታ ይሏታል። በየካቲት 1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ታየች፣ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ ወጣች። ሁለት ወንበር፣ ተነሺ ጣሪያ፣ ሞተሩ ከፊት፣ የሚገፋው የኋላው ጎማ፣ ክብደቷም ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል የተከፈለ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ አንድ ቶን ገደማ ይመዝናሉ፤ ሞተራቸው 1.6 ሊትር፣ 116 የፈረስ ጉልበት ነበር፣ በ1994 ወደ 1.8 ሊትር አደገ። የ1990ና የ1991ዎቹን ግን በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ ከእነዚያ አንዳንዶቹ ላይ የክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ አጭር ስለሆነ የሚበላሽ አለ። ሁለተኛው ትውልድ እስከ 2005 የቀጠለው ነው፤ ሞተሩ 140 የፈረስ ጉልበት ግድም፣ ዋጋውም ለእኛ ቢጤ የሚስማማ። ሦስተኛው ከ2006 እስከ 2015 ነው፤ 2 ሊትር ሞተር፣ ሰፋ ያለ ወንበር። ረጃጅሞች ይህኛውን ሞክሩ፤ በቀደሙት ውስጥ ጉልበታችሁ መሪውን ይነካል።

ልጅ ላላችሁና ሁለት መኪና ማቆም ለማትችሉ ሌላ መንገድ አለ። ከ2013 ሞዴል ጀምሮ የመጡት የሱባሩ ቢአርዜድና መንትያዋ፣ ያኔ ሳየን ኤፍአርኤስ ኋላ ቶዮታ 86 የተባለችው፣ 200 የፈረስ ጉልበት አላቸው፣ የኋላ ጎማ ይገፋል፣ ከኋላም የልጅ ወንበር በትግል የሚገባበት ቦታ አላቸው። ከሚያታ ይወደዳሉ። የመጀመሪያዎቹን የምታዩ ከሆነ የቫልቭ ሞላ ጥሪ ስለነበረባቸው በሻንሲ ቁጥሩ አስጠይቁ። ሆንዳ ሲቪክ ኤስአይና ፎርድ ፊየስታ ኤስቲ በፊት ጎማ የሚጎተቱ ናቸው፤ አንዳንድ ሰው በዚህ ይንቃቸዋል። አትናቁ። ሰኞ ልጅ አድርሰው ቅዳሜ ሜዳ የሚገቡ ናቸው። ከ1999 እስከ 2006 የነበረው የቢኤምደብልዩ 3 ደግሞ ድንቅ አስተማሪ ነው፤ ግን የማቀዝቀዣው ፕላስቲክ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ ከኋላ ሥር ያለው ብረት የተያያዘበት ወለልም ይሰነጠቃል፤ ክሪክ ላይ ሳታስነሱ አትግዙ። ሆንዳ ኤስ2000 ላይ ዓይናችሁን ያሳረፋችሁ አርፋችሁ ተቀመጡ፤ እሷ አሁን የሰብሳቢዎች ናት፣ ዋጋዋ ከእኛ አልፏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ2012 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል። የእኔ መኪና ይህ የላትም። እኔ የፈለግሁት መንሸራተቱን ራሱን ለመማር ስለሆነ ወደድኩት። ካላት መኪና ጋር የምትጀምሩ ግን፣ ጓደኛችሁ «አጥፋው፣ እሱ ለፈሪ ነው» ቢላችሁ አትስሙት፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሳታጠፉ ንዱ።

ማስታወቂያ ማንበብ እንጀራዬ ነው። ስለዚህ የሙያ ምስጢር ላካፍላችሁ። «ለሜዳ ዝግጁ» ሲል ሜዳ ላይ ያለ ርኅራኄ ተነድታለች ማለት ነው። «ትንሽ ሥራ ብቻ ይቀራታል» ካለ፣ ያ ትንሽ ሥራ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ሠርቶ ዋጋ ይጨምርባት ነበር። ሥዕሉ ጀንበር ስትጠልቅ ከተነሳ ወይም መኪናው እርጥብ ከሆነ ቀለሙ የደበዘዘውን እየሸፈነ ነው። አሥራ አምስት ሥዕል ለጥፎ አንድም የሥሩን ካላሳየ ሥሩን አሳየኝ በሉት። ዝም ካለ መልሱን አግኝታችኋል። በተቃራኒው፣ ጽሑፉ አሰልቺ የሆነ ሻጭ ውደዱ፤ «ጥር ላይ የውሃ ፓምፕና ቺንጊያ ተቀይሯል፣ ደረሰኙ አለ፣ የግራ መስኮት ቀስ ብሎ ይወጣል» የሚል። ይህ ሰው መኪናውን ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ኖሮኝ የመጀመሪያዋን መኪና ለማየት ስሄድ አባዬን ይዤ ሄድኩ። አባዬ አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ፣ ዋሽንግተን ደግሞ 22 ዓመት ታክሲ ነድቷል። ማርሽ መለወጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። ላዳ የኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ስለሆነ በክረምት አስፋልቱ ሲርስ ቁልቁለት ላይ ኋላው እንዴት እንደሚያመልጥ እየሣቀ ይነግረን ነበር። ከዚያ አደጋ በኋላ ነው የገባኝ፤ አባቴ ያንን የመለሰው በትምህርት ሳይሆን በረሃብ ነው፤ መኪናው ከተጋጨ እራት የለም።

የመጀመሪያዋ መኪና ብር የመሰለች የ2000 ሚያታ ነበረች፣ 4,500 ዶላር። ሻጩ ደስ የሚል ወጣት ነው። አባዬ ሰላምታውን ሰጥቶ ኮፈኑን ሳያስከፍት ጋዜጣ አነጠፈና ሥሯ ተኛ። ባትሪውን አብርቶ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ያለውን የሻንሲ ብረት በጠመንጃ መፍቻ ጀርባ ቆረቆረ፣ ቆረቆረ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። የዚህ ትውልድ ሚያታ የፊት ሻንሲ ብረቱ በድርብ ቆርቆሮ የተሠራ ስለሆነ ውሃ በመሃል ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፤ ከላይ ስታዩት ደህና ነው። ተነስቶ የውሃ ጠርሙሱን ከፈተና ከወንበሩ ኋላ፣ ጣሪያው ሲታጠፍ በሚተኛበት ቦታ፣ የውሃ መውረጃዋ ላይ አፈሰሰ። ውሃው በሥር በኩል ጎማው አጠገብ መንጠብጠብ ነበረበት። አልወረደም። ቅጠል ደፍኖታል ማለት ነው፤ ያ ውሃ ለዓመታት የሄደው በበሩ ሥር ወዳለው ቆርቆሮ ነው። አባዬ እጁን ጠረገ። ለልጁ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው፣ ለእኔ በአማርኛ «ልጄ፣ ይህች መኪና ቀለም ብቻ ናት» አለኝ። ሞተሯን እንኳ አላስነሳም።

እኔ ተናደድኩ። ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ፍሪሲዮኑ አልታየም! በመኪና ስንመለስ ያለኝን ግን ልንገራችሁ፤ ሞተር ይገዛል፣ ማርሽ ይገዛል፣ ዝገት ግን መኪናውን ነው የሚበላው። ሜዳ ላይ መኪና ሲጋጭ የሚያተርፋችሁ እኮ ያ ብረት ነው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ የ2002ቷን አገኘን። ቀለሟ የደበዘዘ አረንጓዴ፣ 118,000 ማይል የሄደች፣ የሻጩ ጽሑፍ እንቅልፍ የሚያስወስድ። ሥሯ ደረቅ፣ የውሃ መውረጃዋ ክፍት። የጎማው አበላል ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ እኩል ካልሆነ ተጋጭታ የተጠመመ ነገር አለ ማለት ነው። ጎማው ላይ የታተሙትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አነበብን፤ 2312 ካለ በ2012 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የእኛዋ ጎማ በጣም ያረጀ ነበር፤ በእሱ ምክንያት 400 ዶላር አስቀነስኩ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ከፍተን ዘይት አለመቀላቀሉን፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ደህና መሆኑን አየን። ከዚያ እንደማንኛውም አሮጌ መኪና 100 ዶላር ከፍለን ገለልተኛ ጋራዥ የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለካን። በ5,600 ዶላር ገዛኋት።

አሁን ወደማልኮራበት ክፍል ደረስኩ።

ጣሪያዋ የሚነሳ ስለሆነ ክበቡ ከወንበሩ ኋላ የሚገጠም የብረት ቅስት ግዴታ ነው አለኝ፤ ብትገለበጥ ጭንቅላቴን የሚያድነው እሱ ነው። ስገዛ አላሰብኩትም ነበር፣ ከነማስገጠሚያው ከ1,000 ዶላር በላይ ሄደ። ከመስተዋቱ አናት እስከ ቅስቱ አናት ቀጥ ያለ እንጨት ሲጋደም የራስ ቁር ያደረገ ጭንቅላታችሁ ከእንጨቱ በታች መሆን አለበት፤ ረጃጅሞች ከመግዛታችሁ በፊት ለኩት። የራስ ቁሩም የሞተር ብስክሌት እንዳይሆን፤ የሚጠየቀው እሳት የሚቋቋመው ስኔል ኤስኤ የሚል ማረጋገጫ ያለው ነው። በዚህ ሁሉ በጀቴ ሲጠብብኝ ከዝርዝሩ አንድ ነገር ሰረዝኩ፤ የፍሬን ዘይት መቀየር። አባዬ «የፍሬኑን ዘይት ቀይሪ» ብሎኝ ነበር። ፓዱ አዲስ ነው፣ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ ዘይቱ ለሚቀጥለው ወር ይቆይ አልኩ። 120 ዶላር ለማዳን።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ልዩነቱን አታውቁትም። ሜዳ ላይ፣ ሰሚት ፖይንት ረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ፣ አንደኛው መታጠፊያ ከመድረሱ በፊት ከ100 ማይል ወደ ግማሹ ስትወርዱ ፍሬኑ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ከሰዓት በኋላ በሦስተኛው ዙር ላይ እግሬ ፔዳሉን ሲረግጥ እንደ ስፖንጅ ወረደ። አስተማሪዬ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ደጋግመሽ ርገጪ፣ ማርሽ ቀንሺ» አለኝ። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ትንሽ ያዘ፣ መታጠፊያውን አልሞከርኩትም፤ ቀጥ ብዬ ወደ ሰፊው ሣር ወጣሁ። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ያንን የኅዳር ምሽት አስታወስኩ፤ በዚያም በዚህም ያንኑ ስህተት ነበር የሠራሁት፤ ከመሬቱ ጋር በሚያገናኘኝና በሚያቆመኝ ነገር ላይ ገንዘብ ቆጠብኩ።

አንድ ነገር ብቻ የተለየ ነበር። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። እንዳልደብቅ ተስማምተን ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና የወጪውን ወረቀት አውጥቶ «ይህ ዝርዝር ከላይ ወደ ታች እንዲሠረዝ ሆኖ ነው የተጻፈው፤ ፍሬኑን ከላይ አድርጊው» አለኝ። አሁን ፍሬን ዘይት ከላይ ነው፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ይቀየራል፤ ሙቀት የሚችል ፓድ ቀጥሎ፣ ጎማ ሦስተኛ። ሌላው ሁሉ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬም የድምፅ ማሳመሪያ ጭስ ማውጫም፣ ገጹ ላይ የለም።

ኢንሹራንሱን ለጠየቀኝ ሰው (አዎ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ጠየቀ)፦ አብዛኛው የመኪና ኢንሹራንስ ውድድር ሜዳ ላይ የደረሰውን አይከፍልም፣ ትምህርት ቢሆንም። ውላችሁን አንብቡ። ለአንድ ቀን ብቻ የሚገዛ የሜዳ ኢንሹራንስ አለ፤ የ20,000 ዶላር መኪና ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ግዙት። እኔ የገዛሁት ርካሽ መኪና ስለሆነ ሳልገዛው ነው የምሄደው፤ ያን ቀን ብትሰበር 5,600 ዶላሩን ትቼ መምጣት እችላለሁ ብዬ ወስኛለሁ። ለራሳችሁ ስትመርጡ ይህን ጥያቄ ጠይቁ፤ ዛሬ ግድግዳ ላይ ትቻት ብመጣ ቤቴ ይጎዳል? አዎ ከሆነ መልሱ፣ መኪናዋ ለእናንተ ውድ ናት።

ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ፣ ልጃችሁ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ስፖርት መኪና አትግዙለት። ይልቅስ የቢኤምደብልዩ ክበብ ፋውንዴሽን የሚያዘጋጀው ስትሪት ሰርቫይቫል የሚባል የአንድ ቀን ትምህርት አለ፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 21 ለሆኑ፣ በየራሳቸው መኪና፣ የትኛውም ስም ይሁን። ድንገት ፍሬን መያዝን፣ መንሸራተትን በሰፊ ማቆሚያ ቦታ ይለማመዳሉ። አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡኝ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ስለተከለከለ የእኔ ዝርዝር ብዙም አይጠቅማችሁም፤ የጎማውና የፍሬን ዘይቱ ነገር ግን የትም ያው ነው።

ባለፈው ወር አባዬን ሜዳው ድረስ ወሰድኩት። ለተመልካች በተፈቀደው ቦታ ወንበር ዘርግቶ፣ ቡናውን በፔርሙስ ይዞ ዋለ። ስወጣ ምን ይል ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። መኪናዋን ዞሮ ተመለከታት፣ ጎማዎቿን በእጁ ዳሰሰ፣ ሙቀታቸውን አደነቀ። ከዚያ «ሁለተኛው ማርሽ ስትቀንሺ ያለቅሳል፤ እዚያ ድረስ ይሰማል» አለኝ። የካምቢዮውን ዘይት የሚመጣው ቅዳሜ አብረን እንቀይራለን።